ከግብዓት መሸጫው መደርደሪያ እስከ ቆሮሶው እጢ፦ አምስት የማሳ ኬሚካሎች ለጣና ዓሣ ሲመዘኑ

በባሕር ዳርም ሆነ በወረታ ገበሬው ግብዓት መሸጫ ገብቶ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ «ይገድላል?» እና «ስንት ነው?»። ይህ ግምገማ ሌላ ጥያቄ ይዞ ነው የሚነሣው። ኬሚካሉ ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ ማሳ ወርዶ ጉማራ፣ ርብ ወይም ሐይቁ ሲገባ ሆርሞን የሚያመነጩትን የዓሣ ሕዋሳት ምን ያደርጋቸዋል? የተመዘኑት ክሎርፒሪፎስ 48 ኢሲ (ኢሲ፦ በዘይታማ ማሟሟያ የተዘጋጀ)፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን 5 ኢሲ (ብዙ ሰው ካራቴ የሚለው)፣ ማላታዮን 50 ኢሲ፣ ማንኮዜብ 80 ደብሊውፒ (በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እና ቱ ፎር ዲ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የነፍሳት ተባይ፣ ማንኮዜብ የዋግ፣ ቱ ፎር ዲ የአረም ማጥፊያ ናቸው።

ፍርዱን አናቆየው። ለዓሣ ሲባል ከመደርደሪያው መውረድ ያለበት ክሎርፒሪፎስ ነው። ላምዳ ፈጥኖ ገዳይ ነው፤ ሆኖም ከውሃ ርቆ ከተረጨ ጉዳቱ ሊገደብ ይችላል። ማንኮዜብ በአረንጓዴ መለያው ሰውን ያዘናጋል። ማላታዮን መሀል ላይ ነው። ቱ ፎር ዲ ደግሞ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ፍርድ አይሰጠውም።

መጀመሪያ ስለ መለያው። ከጠርሙሱ ግርጌ ያለው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጥብጣብ የዓለም ጤና ድርጅትን ምደባ የተከተለ ነው፤ ምደባው በዋናነት የቆመው አይጥ ላይ በታየ አጣዳፊ መርዛማነት ነው። በዚህ ስሌት ክሎርፒሪፎስና ላምዳ ቢጫ፣ ማላታዮን ሰማያዊ፣ ማንኮዜብ አረንጓዴ ይሆናሉ። ቀለሙ የሚናገረው ለረጪው ነው፤ ስለ ውሃው ዝም ይላል። ለውሃ የሚናገረው ሌላ ምልክት ነው፤ የዓሣ ሥዕል ወይም የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ያለበት አራት ማዕዘን። ሻጩ ቀለሙን እያሳየ «ይኼ ቀላል ነው» ሲል ዓሣውን ፈልጉት።

እሱም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ምልክቱ የሚቆምበት ዋናው ፈተና ዓሦችን በተለያየ መጠን ኬሚካል ውስጥ ለ96 ሰዓት አቆይቶ ግማሾቹ የሚሞቱበትን መጠን መመዝገብ ነው። በአራት ቀን ያልሞተ ዓሣ በዚህ ፈተና ከሕያዋን ተቆጥሮ ያልፋል፤ ከአንጎል በታች ያለችው፣ ሌሎች እጢዎችን የምታዘው የፒቱታሪ እጢው ብትራቆትም፣ እንቁላሉ ቢመክንም ጠያቂ የለውም። ለመራቢያ ሆርሞን የተሰናዱ የ21 ቀን ፈተናዎች አሉ፤ በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 229 እና 230 የሚታወቁት። ቫይተሎጀኒን የሚባለውን የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን በደም ወይም በጉበት ይለካሉ። ገዢው ግን ውጤታቸውን ጠርሙሱ ላይ አያገኘውም።

ዓሣው ውስጥ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ከጨው መነሣት ያስፈልጋል። የጣና ውሃ ጨው አልባ ሊባል የሚችል ነው፤ የቆሮሶ ደም ግን ጨዋማ ነው። ስለዚህ ጊል በሚባለው መተንፈሻው በኩል ጨው ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ውሃ ያለማቋረጥ ይገባል። ይህን ፍሳሽ የሚገታው ዋናው ሆርሞን ፕሮላክቲን ነው፤ የሚመረተውም ከአንጎል በታች ባለችው የፒቱታሪ እጢ የፊት ክፍል ነው። በቆሮሶ ወገን ይህ ክፍል ከሞላ ጎደል በፕሮላክቲን ሕዋሳት ብቻ የተሞላ በመሆኑ በዓለም ያሉ ላብራቶሪዎች ለዚህ ጥናት ይመርጡታል። እኛ በሎሚ እየጨመቅን የምንበላው ዓሣ በሆርሞን ሳይንስ ትልቅ ስም አለው።

ካልሲየምም እንዲሁ ነው። ዓሣ አብዛኛውን ካልሲየሙን የሚያገኘው ከምግብ ይልቅ ከውሃ፣ በጊሉ በኩል ነው። ፕሮላክቲን የደም ካልሲየምን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሁለት እጢዎች ደግሞ ወደ ታች ይጎትታሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1839 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው የስታኒየስ እጢ ነው። ኩላሊት ላይ ነጭ ነጥብ መስሎ ይታያል፤ ስታኒዮካልሲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሁለተኛው በጉሮሮና በልብ አካባቢ የተሸሸገው፣ ካልሲቶኒን የሚሰጠው አልቲሞብራንኪያል እጢ ነው።

ኬሚካሉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ጊል ነው። ካልሲየም ማስገባት ይዳከማል፣ የገባውም ይፈሳል፤ የደም ካልሲየም ይወርዳል። በሕንድ በአምባዛ ዘመዶች ላይ በኦርጋኖፎስፌት (ክሎርፒሪፎስና ማላታዮን የሚመደቡበት) እና በፓይረትሮይድ (ላምዳ የሚመደብበት) ኬሚካሎች የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት ሥዕል ተቀራራቢ ነው። የፕሮላክቲን ሕዋሳት የያዙትን እንክብል ያራግፋሉ፣ ኒውክለሳቸው (የሕዋሱ እምብርት) ያብጣል፤ ይህ ከአቅም በላይ የመሥራት ምልክት ነው። ካልሲየም አውራጆቹ እጢዎች በተቃራኒው ሥራ ያቆማሉ፤ ኒውክለሳቸው ይኮማተራል። ተጋላጭነቱ ወደ ሳምንታት ሲራዘም ሕዋሳቱ ውስጣቸው ይቦረቦራል፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ዓሣው ግን በዚህ ሁሉ መሀል እየዋኘ ነው፤ መረብ ውስጥ ቢገባ ከጤነኛው የሚለየው የለም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል የሚመነጨው «የጭንቅላት ኩላሊት» ከሚባለው የኩላሊት የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ለኬሚካል ሲጋለጥ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ሲቆይ ሕዋሳቱ ከአንጎል ትእዛዝ ቢመጣላቸውም ኮርቲሶል መስጠት ያቅታቸዋል። ኢንዶሰልፋን የሚባለው የተባይ መርዝ በትራውት ዓሣ ሕዋሳት ላይ ይህንኑ ሲያደርግ በላብራቶሪ ታይቷል። የታይሮይድ እጢም በአብዛኛው ዓሣ አንድ ቦታ የተሰበሰበ አይደለም፤ በታችኛው መንጋጋ ስር በዋናው የደም ሥር ዙሪያ የተበተኑ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። የመራቢያው ሰንሰለት ከአንጎል ወደ ፒቱታሪ፣ ከፒቱታሪ ወደ እንቁላል ወይም ወደ ወንዴ ዘር እጢ፣ ከዚያ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ሌላው ትእዛዝ አይደርሰውም።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ።

ክሎርፒሪፎስ 48 ኢሲ። በሊትር 480 ግራም ንጥረ መርዝ አለው። ሒሳቡን በእጅ እንሥራው። 1 ሚሊ ሊትር ጥሬ ኬሚካል 480 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 480,000 ማይክሮግራም ይዟል። ይህች 1 ሚሊ ሊትር 20 ሜትር በ24 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ውስጥ ብትደባለቅ በእያንዳንዱ ሊትር 1 ማይክሮግራም ትሆናለች። ለኬሚካሉ ስስ የሆኑ ዓሦች በጥቂት ማይክሮግራም እንደሚሞቱ ስናስብ፣ ሆርሞን የሚናጋበት መጠን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለ20 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ የሚበጠብጥ ሰው ታንኩ ውስጥ ግማሽ ሊትር ቢተርፈው የተረፈው ልክ 1 ሚሊ ጥሬ ኬሚካል ነው። ያችን ግማሽ ሊትር ወንዝ ዳር ማጠብ ማለት አንድ ኩሬ መበከል ማለት ነው። ሳይታጠብ የተጣለ ጠርሙስ ግርጌ 5 ሚሊ ካለ ደግሞ ለ2,400 ሜትር ኩብ ውሃ ይበቃል።

የሚሠራው አሴቲልኮሊንስተሬዝ የሚባለውን የነርቭ ኢንዛይም በማገድ ነው። ጉዳቱ ከነርቩ አልፎ ወደ እጢ የሚዛመተው ለዚህ ነው፤ የአንጎል መልእክት ሲናጋ ወደ ፒቱታሪ የሚወርደው ትእዛዝም ይናጋል። ኬሚካሉ ከአፈር ጋር ይጣበቃል፣ በዓሣ ስብ ውስጥም ይከማቻል። ስለዚህ ከሁሉ የሚያሳስበው በክረምት ነው፦ ጉማራና ርብ ደፍርሰው ከፎገራ ሜዳ ጭቃ ተሸክመው ሲወርዱ ክሎርፒሪፎሱም ጭቃው ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። ያው ወቅት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ብዙዎቹ የጣና ቢልጫዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ሽቅብ የሚወጡበት ነው። የመራቢያ ሆርሞናቸው ጣሪያ በነካበት ሳምንት ኬሚካሉ ፊት ለፊት ይገጥማቸዋል። ጣና 15 ያህል የራሱ የቢልጫ ዝርያዎች ስላሉት፣ የጠፋውን ከሌላ ሐይቅ አምጥቶ መተካት አይታሰብም።

የአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ2020 አላደሰለትም፤ በ2025 ደግሞ ከተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ጋር ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተባሉት ውስጥ ገብቷል። መደርደሪያ ላይ ያለው ቢያልቅ መልካም ነው። ነጥብ ከ5 (ነጥቡ ከፍ ሲል ለዓሣ ይሻላል ማለት ነው)፦ 0።

ላምዳ ሳይሃሎትሪን 5 ኢሲ። በአጣዳፊ ገዳይነቱ ከአምስቱ ቀዳሚ ነው፤ ስስ ዓሦችን በ96 ሰዓት የሚገድለው መጠን በሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች፣ ለአንዳንዶቹ 0.2 አካባቢ ነው። አንድ ሚሊ ሊትሩ 50,000 ማይክሮግራም ስለሚይዝ 250 ሜትር ኩብ ውሃን እዚያ ደረጃ ያደርሳል። በወረቀት ላይ አስፈሪ ነው። በተግባር ግን ላምዳ ጭቃና ቅጠል ሲያገኝ ይጣበቃል፤ ከውሃው በፍጥነት ይወጣል። ስለዚህ ማሳው ላይ ከቀረ ይቀራል፤ አደጋው ያለው በቀጥታ ውሃ ላይ ሲረጭ፣ በነፋስ ሲበተንና መርጫው ሲታጠብ ነው። የሆርሞኑ ነገር ግን ነፃ አያወጣውም። ዘመዶቹ ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን በአምባዛ ወገኖች ላይ ካልሲየም አውርደው እጢዎቹን ሲያናጉ ታይተዋል፤ ሌላው ዘመዱ ባይፈንትሪን ደግሞ በዓሣ ላይ የሴት ሆርሞን መሰል ጠባይ አሳይቷል። ከውሃ ለራቀ ማሳ 3፤ ኩሬ ጎን ላለ ማሳ 0።

ማላታዮን 50 ኢሲ። ጥሩው ነገር መፍረሱ ነው፤ ገለልተኛ በሆነ ውሃ በቀናት ይበሰብሳል፣ ውሃው ወደ አልካላይን ሲያደላ ከዚያም ይፈጥናል፣ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። መጥፎው ነገር እስኪፈርስ ድረስ የሚሠራው ሥራ ነው። በሕንድ አምባዛዎች ላይ የሴቴ መራቢያ ሆርሞን የሆነውን የኢስትራዲዮልን መጠን ቀንሶ የእንቁላልን ዕድገት ሲያጓትት ታይቷል። በተጨማሪ ሙቀት አይወድም። ፀሐይ በሚመታው ቆርቆሮ ስር የከረመ ማላታዮን አይሶማላታዮን የሚባል ከራሱ የከፋ መርዝ ያበቅላል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን የወባ ርጭት ሠራተኞች ላይ የደረሰው መመረዝ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ማላታዮን አትግዙ፤ የምርት ቀኑንም እዩ። ነጥብ 2።

ማንኮዜብ 80 ደብሊውፒ። ለቲማቲምና ለድንች ዋግ ሁሉም የሚያውቀው ቢጫማ ዱቄት። ጥብጣቡ አረንጓዴ ስለሆነ ሰው በእጁ ሳይቀር ይበጠብጠዋል። ዓሣ ላይ ግን የዋህ አይደለም፤ በተጨማሪ ውሃ ሲነካው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይፈርስና ኢቲዩ በሚል ምኅጻር የሚታወቀውን ኢትሊንታዮዩሪያ ይወልዳል። ኢቲዩ የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራውን ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም ያግዳል። ሆርሞኑ ሲጎድል ፒቱታሪ ማነቃቂያ ይልካል፤ የታይሮይድ ከረጢቶቹ ግድግዳ ይረዝማል፣ በውስጣቸው ሆርሞን የሚከማችበት ኮሎይድ ይሟጠጣል። ለትልቅ ዓሣ ይህ ድካም ነው፤ ለጫጩት ግን ከእጭነት ወደ ዓሣነት የሚሻገርበት ሆርሞን ጎደለ ማለት ነው። ኢቲዩ በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከቦይ ጋር ሩቅ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፈቃዱን ሳያድስ የቀረው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሆርሞን አናጊነቱ ነበር። ተበጥብጦ ያደረ ማንኮዜብ አይረጭ፤ ያደረው ከትኩሱ የበለጠ ኢቲዩ አለው፣ ዋጉን ለመከላከልም ደካማ ነው። ነጥብ 2፣ እሱም ከቦይ ለራቀ ማሳ።

ቱ ፎር ዲ። ለጤፍና ለስንዴ ቅጠለ ሰፊ አረም የሚረጨው። ሁለት ዓይነት ነው፦ አሚን ጨውና ኤስተር። ለዓሣ ኤስተሩ ከአሚኑ እጅግ የከፋ ነው፤ ዘይታማ ስለሆነ ጊሉን አልፎ ይገባል። መለያው ላይ ያሉትን ፊደላት ተመልከቱ፦ ኤስኤል (በውሃ የሚሟሟ ፈሳሽ) ካለ በአብዛኛው አሚን፣ ኢሲ ካለ በአብዛኛው ኤስተር ነው። አሚኑ 3፣ ኤስተሩ 1።

ኢሲ የሚለው ፊደል በሌሎቹም ጠርሙሶች ላይ ትርጉም አለው። ኢሲ ማለት መርዙ በዘይታማ ማሟሟያ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ማሟሟያው ራሱ ጊል ያቃጥላል። መለያ የሌለውን፣ በሃይላንድ ላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጠውን ማንኛውንም ነገር ደግሞ አለመንካት ነው። ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን (የኋለኛው እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት የተዘረዘረ) የሚዘዋወሩት በእንዲህ ያለ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ሆርሞን አናጊ ናቸው፣ ሁለቱም አይጠፉም።

«ታዲያ የተፈጥሮውን እንጠቀም» ለሚል፦ የብርብራ ፍሬ ወንዝ ውስጥ ተደቁሶ ሲጨመር ዓሣ እንደሚያንሳፍፍ የጣና ዳር ሰው ያውቃል። ውስጡ ሮቴኖን አለ፤ ሮቴኖን ሕዋስ ኃይል የሚያመርትበትን መንገድ ይዘጋል። በሕንድ የቁልቋል ወገን በሆነ ተክል ጭማቂ የተሠራ ጥናትም በአምባዛ ዘመድ ላይ ከፋብሪካው ኬሚካል ጋር የሚመሳሰል የካልሲየምና የእጢ መናጋት አሳይቷል። ከቅጠል መምጣቱ ለዓሣው ዋስትና አይሆንም።

አጠቃቀሙ ላይ የሚበላሸው ነገር ከምርጫው ይልቅ ብዙ ነው። መርጫውን በቀጥታ ከወንዙ መሙላት አይገባም፤ ውሃ በባልዲ ተቀድቶ ቢያንስ 20 ሜትር ርቆ ይበጠበጥ። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ሩቡን ውሃ ሞልቶ 30 ሴኮንድ መናጥ፣ መርጫው ውስጥ መገልበጥ፣ 30 ሴኮንድ ማንጠፍጠፍ፤ ይህ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጠርሙሱ ይበሳ፤ ካልተበሳ ጠላ ወይም ዘይት ይቀዳበታል። የመርጫው እጣቢም እዚያው ማሳው ላይ ይረጭ።

ነፋሱ ላይ የተለመደው ምክር «በማለዳ እርጩ» የሚል ነው። ሐይቅ ዳር ይህ ምክር ሊገለበጥ ይችላል። ሌሊትና ጎሕ ሲቀድ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከማሳው ወደ ውሃው ያደላል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይዞራል። ስለዚህ ደረቅ አፈር በተን አድርጎ ወዴት እንደሚሄድ ማየት፣ ወደ ሐይቁ ከሄደ መጠበቅ፣ ሲዞር ገና ሳይበረታ መርጨት ይሻላል። ከማሳውና ከውሃው መሀል ያለውን ደንገል ደግሞ አትመንጥሩት። ጭቃውን የሚያስቀረው እሱ ነው፤ ክሎርፒሪፎስና ላምዳ ደግሞ ከጭቃው ጋር ይቀራሉ። ኢቲዩ ግን ሟሚ ስለሆነ ደንገሉን አልፎ ይሄዳል።

ኩሬ ውስጥ ኬሚካል ገባ ብሎ የጠረጠረ ሰው መግቢያውን ይዝጋ፣ ንጹሕ ውሃ ካለው ይጨምር፣ ኩሬውን ግን ወደ ወንዝ አያፍስስ። ዓሣውም ገበያ አይውጣ። ናሙና ሲወሰድ የውሃው በጠቆረ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ 1 ሊትር፣ ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ላምዳና ክሎርፒሪፎስ ላስቲክ ላይ ስለሚጣበቁ በሃይላንድ የተወሰደ ውሃ «ንጹሕ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ላምዳ ብርጭቆም ላይ መጣበቁ ስለማይቀር ላብራቶሪው ጠርሙሱን በማሟሟያ አጥቦ እጣቢውን አብሮ ይለካ። ለቅሪት ምርመራ የሚሄደው ዓሣ በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ይቀዘቅዛል። ለሕዋስ ምርመራ የሚሄደው ግን ፈጽሞ አይቀዝቅዝ፤ በረዶ ሕዋሱን ይሰነጥቀዋል። ከሕያው ዓሣ ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ሕዋሱ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ቡዋን በሚባለው ፈሳሽ መጠመቅ አለበት፤ 24 ሰዓት ቆይቶ ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወራል። አንጎል ሲወጣ ፒቱታሪ ብዙ ጊዜ የራስ ቅሉ ወለል ላይ ተቆርጣ ትቀራለች፤ ስለዚህ የራስ ቅሉን ወለል አብሮ ማጥመቅ ይሻላል። የስታኒየስ እጢ በአልዴሃይድ ፉክሲን ቀለም ጎልቶ ይታያል። የኒውክለስ መጠን የሚለካው ሰው የትኛው ስላይድ ከየትኛው ኩሬ እንደመጣ አይወቅ፤ ማነጻጸሪያው ዓሣም ከተመሳሳይ ወቅትና ፆታ ይሁን፤ እንቁላል የቋጠረች ቆሮሶ ፒቱታሪዋ ያለ ምንም ኬሚካልም ከወንዱ የተለየ ነው።